የኦርቪል ድፍረት

ሜሳ፣ አሪዞና
ኦክቶበር 14 ቀን 2008

ሃርላን፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? እዚህ ሰው እስካሁን በካናቴራ ነው የሚሄደው። እኔ ሹራቤን አውጥቼ ወንበር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚለብሰው ሰው ግን የለም።

በስልክ ያልከኝን ሰምቼ ብዕር አንስቻለሁ። «አክሲዮን መሸጥ የሚፈልግ ደንበኛ ምክንያቱን በእጁ ጽፎ በፖስታ ይላክልኝ» የሚለው ደንብህ ለሌላ ሰው እንጂ ለእኔ የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር። በአውቶቡሴ ትምህርት ቤት ሳመላልስህ የኖርኩ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ አስመልሶህ ያጸዳሁልህ ሴትዮ ነኝ፤ ዛሬ «ይጻፉልኝ» ትለኛለህ። ይሁን።

«ሽጡ ያለዎት ማን ነው?» ብለሃል። ማንም አላለኝም። የልጄ የጆዲ ባል ክሬግ ቤት እያሻሻጠ ይኖር ነበር፤ አሁን ገዢ ጠፍቶ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥና ገበያው በወረደ ቁጥር ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። እኔ የምኖረው ከጀርባው ባለችው ክፍል ነው። ግድግዳው ስስ ነው።

ያለኝ ሁሉ ባሌ ኦርቪል አንተ ጋ አስቀምጦ ትቶልኝ የሄደው ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እንደምታውቀው ልጄ ጋ የመጣሁት ለጊዜው ነው፤ ወደ ሆልደን ተመልሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ካሉት ቤቶች አንዱን ተከራይቼ፣ በራሴ ቁልፍ የራሴን በር እየከፈትኩ ልሞት ነው የማስበው። ይህ ገንዘብ ካለቀ ግን የልጄ የጀርባ ክፍል ነው መቀበሪያዬ። ምክንያቴ ይኸው። አክሲዮኖቹን ሽጥልኝ።

አርዲስ ቶለፍሰን


ሆልደን፣ አይዋ
ኦክቶበር 21 ቀን 2008

የተከበሩ ወይዘሮ አርዲስ፣

በመጀመሪያ ስሜ ይጽዳልኝ። እኔን ያስመለሰኝ አራተኛው ወንበር ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ያስመለሰው ወንድሜን ነው።

ባለቤቴ ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች። በቆሎው ገና ማሳ ላይ ቆሟል፤ ዝናቡ አላስገባ ብሎናል።

ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ ይህን አንብበው ሁለተኛ ከጻፉልኝ ያለ አንድ ቃል እሸጥልዎታለሁ። ግን ያስታውሱ፣ ሁለት ዓመት የሚያኖርዎት ገንዘብ ለብቻው ባንክ ተቀምጧል፤ ገበያው እንደፈለገ ቢሆን እሱን አይነካውም። ከቀረው ከአሥር ሰባት እጁ አክሲዮን ነው፣ ሦስት እጁ ቦንድ። ይህን እቅድ እኔና አቶ ኦርቪል እርስዎ ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው ያወጣነው። እሳቸው በዚሁ እቅድ ገበያው ሁለት ጊዜ ሲወድቅ አይተው ሁለቱንም ጊዜ እየሳቁ አልፈውታል። የወረደ ነገር ተመልሶ እስኪወጣ የሚጠብቀው ሰው ይተርፋል፤ አሁን የሚሸጥ ግን ኪሳራውን ራሱ ፈርሞ ይቀበላል።

ሚለር ቁልቁለት ላይ አውቶቡሱ በበረዶ የተንሸራተተ ዕለት ትዝ ይልዎታል? እኛ ስንጮህ እርስዎ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው አንስተው መሪውን ብቻ ያዙ። «ፍሬን ብረግጥ ቦይ ውስጥ እንገባለን፤ ዝም በሉ!» አሉን። ዝም አልን፤ አውቶቡሱም ቀስ ብሎ ቆመ። አሁንም እንደዚያው ያድርጉ።

አክባሪዎ፣
ሃርላን ክቫም


ሜሳ
ዲሴምበር 9 ቀን 2008

ሃርላን፣

በዓሉን በደህና ያድርሳችሁ። የላክኸው አይብ ደርሷል፤ ክሬግ ሽታው አላስቀመጠኝም እያለ ሲበላው አገኘሁት።

ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር። ቴምብር ሁሉ ለጥፌበት ነበር። ከዚያ የቁልቁለቱ ነገር ትዝ አለኝና ቀደድኩት። ቴምብሩ ከሰረ፤ እሱን ከክፍያህ ላይ ቀንስልኝ።

በስልክ የጠየቅኸኝንም ፈቅጃለሁ። በፌብሩዋሪ በምታበላው እራት ላይ እንዳልሸጥኩ ለደንበኞችህ ልትነግራቸው ትችላለህ። ስሜን ግን አትጥራ። በእርግጥ «አውቶቡስ የነዳች» ካልክ በሆልደን ማን እንደሆነች የሚጠፋው የለም። ላንተ አልደብቅህም፣ ደስ ብሎኛል። በእኛ ቤት ደፋር የሚባለው ሁልጊዜ ኦርቪል ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ላሉት ቤቶች በተራ ጠባቂዎች መዝገብ ስሜን አስገባልኝ፤ አደራ።

አርዲስ


ሆልደን
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009

ወይዘሮ አርዲስ፣

በረዶው መስኮት ደርሷል። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሞልቶ ወንበር ጠፋ። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ በየዓመቱ ይህን እራት አበላለሁ፤ ሰው እንደዚህ ዝም ብሎ ሲበላ አይቼ አላውቅም። ሹካ ብቻ ነው የሚሰማው።

እንደተፈቀደልኝ ተነሥቼ ተናገርኩ። «አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ኦክቶበር ላይ ጻፈችልኝ» ከማለቴ ሚሎ ስታንግላንድ ከኋላ፣ «አርዲስ ናታ!» ብሎ ጮኸ። የዚያን ጊዜ ገና ሰው ሳቀ። ስለተቀደደው ደብዳቤ ነገርኳቸው፤ ስለ ሚለር ቁልቁለትም። ከአዳራሹ ግማሹ ያን ዕለት አውቶቡሱ ውስጥ ነበር።

ሲያልቅ ሚሎ መጣና ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣ። ላሞቹን ሸጦ ያስቀመጠው ገንዘብ እኔ ጋ ነው፤ ሌላ የለውም።

«ይቺን ልሰጥህ ነበር የመጣሁት። ሽጥልኝ የምትል ናት።»

«ስጠኛ።»

«አልሰጥህም! አርዲስ እፍኝ የማትሞላ ሴትዮ ሆና ብቻዋን ስትችለው እኔ ይሄን ሁሉ ሥጋ ተሸክሜ ልንቀጠቀጥ? ሚስቴ ምን ትለኛለች?»

ፖስታውን መልሶ ኪሱ ከትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፖስታ ቤት የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታው «አርዲስ እንዴት ናት?» ሆኗል።

ለቤቱ ስምዎ ገብቷል። ከፊትዎ ሁለት ሰዎች አሉ። እርስዎስ አሁንም እንደያኔው ጠንካራ ነዎት?

ሃርላን


ሜሳ
ማርች 24 ቀን 2009

ሃርላን፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። አልታመምኩም። ጤናዬ ደህና ነው፣ ጆዲም ደህና ናት፤ ጓሮ ያለው ብርቱካን አብቦ መዓዛው ቤቱን ሞልቶታል። በረዶው ቀለጠላችሁ? ያቺ የባለቤትህ ጉልበት እንዴት ሆነች?

ክሬግ ሥራ አላገኘም፤ ለእኔ ግን ጥሩ ነው። ወረቀቶቼን እሱ ነው የሚያይልኝ። የሚያሳየኝ ቦታ ላይ እፈርማለሁ።

«አሁንም እንደያኔው ጠንካራ ነዎት?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ እንዳለሁ አለሁ።

ለሚሎ ሰላም በልልኝ። ወይም ተወው፣ አትበልልኝ። አንድ ነገር ግን ልለምንህ፦ ከእንግዲህ በሰው ፊት ስለ እኔ አትናገር። አትቀየመኝ። ሰው ሲያረጅ ስሙ ሲነሳ ደስ አይለውም፤ በዚህ ያዝልኝ።

አርዲስ


ሆልደን
ኤፕሪል 6 ቀን 2009

ወይዘሮ አርዲስ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። የባለቤቴ ጉልበት ተሽሏታል፤ ስላሰቡላት አመስግናለች።

ስለ ገበያው ዛሬ ምንም አልጽፍልዎትም። እንዳሉኝም ስምዎን አላነሳም። ሰው ቢጠይቀኝ ወሬውን ወደ ዝናብ አዞረዋለሁ፤ እዚህ አገር ዝናብ ለዚህ ያገለግላል።

የሚጽፉልኝ ነገር ካለ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ይጻፉልኝ። አድራሻዬ አልተለወጠም።

ሃርላን


ሜሳ
ጃንዋሪ 11 ቀን 2010

ሃርላን፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልህ። የላካችሁልኝ ካርድ ደርሶኛል። ደንበኞችህ በዘንድሮው እራት ሊያመሰግኑኝ ገንዘብ አዋጥተው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠውልኛል። ከሥሩ ሚሎ «ለሹፌራችን» ብሎ ፈርሟል። አንተ ደግሞ ከካርዱ ጋር ለምን ዝም እንዳልኩ ጠይቀኸኛል፤ ልንገርህ።

ሸጬዋለሁ። ባለፈው ማርች መጀመሪያ ላይ፣ አንድም ሳላስቀር።

እራት ላይ ነበርን። ክሬግ ሹካውን አስቀምጦ፣ «እማዬ፣ ያ ሃርላን የምትይው ሰውዬ ገንዘብሽ ቢያልቅም ባያልቅም እሱ እራቱን ይበላል። አብረንሽ የምንሰምጠው እኛ ነን» አለኝ። ጆዲ ማልቀስ ጀመረች። ወረቀቱን ቀድሞ ሞልቶት ነበር። ብዕር አቀበለኝ፣ ፈረምኩ። ገንዘቡ አሁን እዚሁ ባንክ በጊዜ ገደብ ተቀምጧል፤ ወለዱ ለድንች አይበቃም።

ለምን አልጻፍኩልህም? ብጽፍልህ ትመልስልኛለህ፤ መልስህን ደግሞ አምንሃለሁ። እኔ ማመን አልፈለግሁም፣ ከአውቶቡሱ መውረድ ነበር የፈለግሁት። ስለዚህ ተደበቅሁህ።

ከዚያ ገበያው ዞረ። በወጣ ቁጥር ክሬግ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ዘጋው። አልወቀስኩትም። የፈረመው የእኔ እጅ ነው።

የገንዘቡስ እሺ፣ ሞኝ ነበርኩ ብዬ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። እናንተ እኔን እያያችሁ ጸንታችሁ ስትቀመጡ እኔ የለሁም። ልጆቹን አውቶቡስ ውስጥ ትታ በበሩ የዘለለች ሹፌር ማለት እኔ ነኝ። ያቺን ሴትዮ ነው በአውሮፕላን አምጥተው ሊያጨበጭቡላት የሚፈልጉት። ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ፤ ሌላ ነገር ስፈልግ እንኳ መሳቢያውን ለመክፈት አፍራለሁ።

አርዲስ


ሆልደን
ጃንዋሪ 19 ቀን 2010

ወይዘሮ አርዲስ፣

አውቅ ነበር።

አንድ ሰው ገንዘቡን ከእኔ ጋ ሲያወጣ ወረቀት ይደርሰኛል። ክሬግ ይህን ያውቃል፤ ለእርስዎ አልነገረዎትም መሰለኝ። የእርስዎ የደረሰኝ በማርች ነው። ከፍቼ ሳነበው ሚሎ ቢሮዬ ገባ። የፊቱ ቀለም ጠፍቶ ነበር፤ ያቺ ፖስታ እጁ ላይ ናት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ። «አርዲስ እንደያዘች ናት?»

የሰው ጉዳይ አላወራም ማለት እችል ነበር። ሥራዬም የሚያዘው እሱን ነው። ግን ዝም ብል ፊቴን ያነብበዋል፣ ከዚያ ይሸጣል፣ እሱ ከሸጠ ደግሞ እስከ ማታ ግማሹ ከተማ ይሸጣል ብዬ ፈራሁ። ወረቀትዎን በመዳፌ ሸፍኜ፣ «እንደያዘች ናት» አልኩት።

አልሸጠም። ገንዘቡ ተመልሶለታል፤ ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን ይመታኛል። በመታኝ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል። እርስዎ አንድ ወረቀት ፈርመው ነው ያፈሩት፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በስምዎ ስበላ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ይቅርታ ጠያቂው እርስዎ አይደሉም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ማርች ያልጻፉልኝን ደብዳቤ አሁን ይጻፉልኝ። እንደ ደንቡ፣ ከነምክንያቱ። ለምን እንደምፈልገው በኋላ እነግርዎታለሁ።

ሃርላን


ሜሳ
ጃንዋሪ 27 ቀን 2010
(ማርች 2009 መጻፍ የነበረበት)

ሃርላን፣

አክሲዮኖቹን መሸጥ እፈልጋለሁ።

ምክንያቴ ክሬግ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑም አይደለም። ምክንያቴ ይህ ፍጥነት የእኔ አለመሆኑ ነው። አንተ የምታወራለት የሚለር ቁልቁለት ቀን ፍሬን ያልረገጥኩት ደፋር ስለሆንኩ መሰለህ? ቀድሞውንም ቀስ ብዬ ስለምነዳ ነው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት መንገዱን አይቼ ነበር የፍጥነቴን ልክ የምወስነው፤ ወላጆች «ልጆቻችን አረፈዱ» ብለው ስንት ጊዜ ከሰውኛል። ኦርቪል መኪና ሲነዳ እኔ አጠገቡ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምቀመጠው። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ያንኑ መኪና በዚያው ፍጥነት እየበረረ መሪውን አስጨበጣችሁኝና፣ በረዶው ሲመጣ «ፍሬን አትርገጪ» አላችሁኝ።

ረገጥኩት። ሌላ የማውቀው አልነበረም።

በእራቱ ላይ እውነቱን ንገራቸው፤ ፈቅጄልሃለሁ። ስሜንም ጥራ። እኔ ግን አልመጣም፤ ፊታቸውን ማየት አልችልም። ቲኬቱን መልስላቸው።

አርዲስ


ሆልደን
ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2010

ወይዘሮ አርዲስ፣

መልሴን ያዘገየሁት ከእራቱ በኋላ ልጽፍልዎት ብዬ ነው። በመጀመሪያ ለደብዳቤዎ ልመልስ፤ ያን ማርች ቢደርሰኝ ኖሮ የምጽፍልዎትን ነው የምጽፈው።

ልክ ነዎት።

አቶ ኦርቪል በተቀበሩ በወሩ ፋይሉን አውጥቼ ነበር። ባል ሲሞት ለሚስት እቅድ እንደ አዲስ ይወጣል፤ ከእኔ ሥራ ዋነኛው ይህ ነው። ቤትዎ መጥቼ፣ ምን ያህል ቢወርድ እንቅልፍ ይነሳዎታል፣ የት መኖር ይፈልጋሉ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን «ኦርቪል» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «አርዲስ» ብዬ ጻፍኩበት። ሌላውን እንዳለ ተውኩት። በሐዘን ላይ ያለች ሴትን በቁጥር ማስቸገር ነውር መስሎኝ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። እውነቱ ስንፍና ነው።

ኦክቶበር ላይ ሲጽፉልኝ ጥፋቴን አየሁት። ያን ጊዜ እንኳ የተወሰነውን ሸጠን እንደ እርስዎ ልክ እናድርገው ማለት እችል ነበር። ይህን ካልኩ ግን ከመጀመሪያው ተሳስቼ ነበር ማለቴ ነው። ስለዚህ አውቶቡሱን አነሳሁብዎት። ጥፋቴን ድፍረት ብዬ ሰይሜ እርስዎን አሸከምኩዎት፤ ከዚያም ድፍረትዎን ለአገር ነገርኩ።

ይህን ሁሉ የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ለሰዎቹ ነገርኳቸው። የእርስዎን አሳጥሬ፣ የእኔን ሳላሳጥር። ዓሣው በየሳህኑ ቀዘቀዘ። ሚሎ ብድግ አለ።

«እና እኔ በማን ቃል ነው የተቀመጥኩት?» አለኝ።

«በእኔ ውሸት» አልኩት።

«ገንዘቤ ተመልሷል።»

«ተመልሷል።»

«ባይመለስስ ኖሮ?»

ሚሎ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ሰኞውኑ ፋይሉን ወደ ሌላ አማካሪ እንዳዛውርለት በእጁ ጽፎ ላከልኝ፤ ምክንያቱንም እንደ ደንቡ ጽፎታል። አዛወርኩለት። ሌሎችም ሄደዋል። የቀሩትም ሰላም ሲሉኝ ሌላ ቦታ እያዩ ነው። ፖስታ ቤት መሄድ ትቼ ባለቤቴን እልካለሁ። ለእርስዎስ ሌላ አማካሪ ልፈልግልዎት ወይ?

ሃርላን


ሜሳ
ማርች 5 ቀን 2010

ሃርላን፣

ባለቤትህን አትላክ። ጉልበቷን ያማታል። ራስህ ሂድ።

ለሚሎ ጻፍኩለት። አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ልጅ። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ባይመልስም አልፈርድበትም። ቢሮህ ገብቶ ስለ እኔ ሲጠይቅህ ፊቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ሳስበው ፊቴ ይግላል።

«ሌላ አማካሪ ልፈልግልዎት ወይ?» ብለሃል። አዎ ልልህ ነበር። ክሬግ፣ «አሁንማ ከዛ ሰውዬ ራቂ» አለኝ፤ ጆዲም እንደዚያው። ግን ሌላ አማካሪ ጋ ብሄድ ጥፋቴን እንደ አዲስ ልነግረው ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ። የአንተንም እኔ አውቀዋለሁ። እንግዲህ አንዳችን ሌላውን ማታለል ይከብደናል። ደግሞ ለእኔ ስትጽፍ ዋሽተኸኝ አታውቅም፤ ዝም ብለኸኝ እንጂ። ዝምታውን እኔም ሠርቼዋለሁ።

ስለዚህ በደንብህ እጽፍልሃለሁ። ከአሥር ሦስት እጁ ብቻ አክሲዮን ይሁን። እሱም በአንድ ቀን አይደለም፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየገዛህ፣ ዓመት ተኩል ይፍጅ። የቀረው ቦንድና ባንክ ይሁን። እየወጣ ነው ብለህ እንዳታጣድፈኝ፣ እየወረደ ነው ብለህም እንዳታባብለኝ። የሄደው እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው፣ በረንዳ ያለው ቤት አይደርሰኝም። ከኋላ ያለችው፣ መስኮቷ መኪና ማቆሚያውን የሚያየው ባለ አንድ ክፍሏ ቤት ግን ትደርሰኛለች። ስሜን ወደ እሷ አዛውርልኝ። ጠባብ ናት አሉ፤ ቁልፍ ግን አላት።

ምክንያቴ፦ ይህን ያህሉ ቀኑን ሙሉ ቢወርድ እራቴን በልቼ መተኛት እችላለሁ።

እና ሃርላን፣ ያን አሮጌ እቅድ አታምጣው። ስም አትሰርዝ። አዲስ ወረቀት አውጣ።

አርዲስ